ሞላውን ከመቁረጥህ በፊት

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ ኮሮላ ገዛሁ። ዝቅ ላደርጋት ፈልጌ ጋራዥ ሄድኩ። አንዱ 'ሞላውን ሁለት ዙር ቆርጬ በአንድ ሰዓት አስረክብሃለሁ' አለኝ። ሌላው ከዱባይ የሚመጣ ሙሉ ዕቃ አለ ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። የቱን ልምረጥ?" ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ "ያኔ ክፍል ውስጥ ስጠይቅዎ ስቀውብኝ ነበር። አሁን ግን የምሬን ነው።"

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። አስታወስኩት። ስለ ሞላና ስለ አሞርዛተር በማስተምርበት ቀን ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና "ቲቸር፣ መኪና ዝቅ ለማድረግ የትኛው መንገድ ይሻላል?" አለኝ። እኔም "አንተ ልጅ፣ ለዱርዬነት የሚሆን ትምህርት የለንም" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ ክፍል እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

ያኔ ያልመለስኩለትን ዛሬ ልመልስለት። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ አሁን በምኖርበት በሎስ አንጀለስ ታሪክ ውስጥ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ከተማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ጦማችንን የምንፈታበት፣ ቡናችንን የምንጠጣበት የፌርፋክስ ሰፈር ከክሬንሾ ጎዳና ብዙም አይርቅም። እሑድ አመሻሽ ላይ ወደ ክሬንሾ ብቅ ካላችሁ የድሮ ሸቭሮሌዎች አስፋልቱን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ቀስ እያሉ ሲያልፉ ታያላችሁ። ሎውራይደር ይሏቸዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን መብራት ላይ አጠገቤ አንድ ኢምፓላ ቆመ። ሾፌሩ ሽበታም ሰውዬ ነው፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። አንዲት ማብሪያ ነካ ሲያደርግ መኪናው በአራት ጎማው ሽቅብ ተነሣ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እንደገና ዝቅ ብሎ ሄደ። እኔ ከኋላዬ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ያረጁ ሸቭሮሌዎችን በርካሽ ይገዙ ነበር። በዚያው ዘመን ሌሎች የካሊፎርኒያ ወጣቶች መኪና የሚቀይሩት ለፍጥነት ነበር። እነዚህኞቹ ግን መፈክራቸው "ባሂቶ ይ ሱአቬሲቶ" ነበር፤ ዝቅ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ መሄድ። መኪናው የሚታይ ነገር ነው፤ ለሰፈር ሰላምታ መስጫ ነው። ስለዚህ ቀስ ማለት አለበት።

ገንዘብ ግን የለም። መጀመሪያ የያዙት ዘዴ የአሸዋ ከረጢት ነው። የኋላውን የዕቃ መጫኛ በአሸዋ ሞልተው መኪናውን ያስጎነብሱታል። የአሸዋን ዘዴ አትናቁ። ቤንዚን ይበላል፣ ፍሬን ያደክማል፤ ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲኬድ ከረጢቱ ይወርድና መኪናው እንደ ነበረ ይሆናል። ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ሞላውን መቁረጥ ነው፤ ወይም በእሳት አግሎ እንዲሟሽሽ ማድረግ። ይኼኛው ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ መመለሻ ግን የለውም። ተማሪዬን "በአንድ ሰዓት አስረክብሃለሁ" ያለው ባለ ጋራዥ የሚሸጥለት የዛሬ ሰባ ዓመት የነበረውን ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያን ቀን ማስተማር የነበረብኝን ላስተምር። የተጠመጠመ ሞላ ሲቆረጥ ያጥራል ብቻ ሳይሆን ይጠነክራል። ስድስት የሚሠሩ ዙሮች ካሉት ሞላ አንዱን ብትቆርጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ሁለቱን ብትቆርጥ በ50 በመቶ። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለድሮው ሞላ ነው። አዲሱን ጉልበት መያዝ ያቅተውና መኪናው ይዘላል። በዚያ ላይ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ይጠባል። ለምሳሌ 8 ሴንቲ ሜትር የነበረውን መኪናውን 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስታደርገው 3 ብቻ ይቀርሃል። አምስት ሰው ጭነህ ጉድጓድ ስትገባ ያቺ 3 ታልቅና ብረት ከብረት ይጋጫል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። በእሳት የጋለው ሞላ ከዚህም ይብሳል፤ ብረቱ የተሞረደበትን ጥንካሬ ስለሚያጣ ውሎ አድሮ ይተኛል ወይም ይሰበራል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1958 የካሊፎርኒያ ሕግ ጣልቃ ገባ። ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች የሚወርድ አካል ያለው የተለወጠ መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ። ሕጉ በተግባር የበረታው በእነዚያው የሜክሲኮ ዝርያ ባላቸው ወጣቶች ላይ ነበር፤ ፖሊስ እያስቆመ ይለካል፣ ይቀጣል። ልኬቱን ግን እንደ መካኒክ ስታየው ትርጉም አለው። ጎማው በድንገት ቢተነፍስ መኪናው የሚያርፈው በቸርኬው ላይ ነው። ከቸርኬው በታች የወረደ ነገር ካለ አስፋልቱን የሚያርሰው እሱ ነው፤ እሱ የመሪ ዘንግ ከሆነ ደግሞ መኪናህን መምራት አትችልም። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ልኬቱን የያዘው እጅ ግን ሰውን ይመርጥ ነበር። ሁለቱን ለይቶ ማየት ይቻላል።

ከነዚያ ከተቀጡት አንዱ ሮን አጊሬ ይባላል፤ ኮርቬት መኪና ያለው የሳን በርናርዲኖ አካባቢ ልጅ። በዚያን ጊዜ ደቡብ ካሊፎርኒያ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች አገር ነበረች፤ ከጦርነቱ የተረፈ ዕቃ በየቦታው ይሸጣል። ከነዚያ ትርፍ ዕቃዎች መካከል ፔስኮ የሚባሉ የአውሮፕላን የዘይት ፓምፖች ነበሩ። አጊሬ በ1959 እነዚያን ፓምፖችና ቫልቮች ኮርቬቱ ላይ ገጠማቸው። ፖሊስ ሲመጣ ማብሪያዋን ይነካል፤ መኪናው ከፍ ብሎ ሕጋዊ ይሆናል። ፖሊስ ሲሄድ ይወርዳል። ምን አለፋችሁ፣ አሸዋው ድሮ የነበረው ጥቅም ማለትም ተመላሽነቱ በአንዲት ቁልፍ ተመልሶ መጣ።

በ1958 ደግሞ ሸቭሮሌ ኢምፓላ የተባለውን መኪና አውጥቶ ነበር። እስከ 1964 የወጡት ኢምፓላዎች ሻንሲያቸው እንደ ኤክስ ፊደል የተሠራ ነው፤ ለማውረድም ለዘይት ሲሊንደር መግጠሚያም ይመቻል። እነዚያ መኪናዎች እስከ ዛሬ የሎውራይደር ንጉሦች ሆነው የቀሩት በአንድ በኩል በዚህ ነው።

ዘይትም ቢሆን የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ዘይት አይታመቅም፤ ስለዚህ በዘይት ብቻ የቆመ መኪና ምቾት አይኖረውም፣ የመንገዱን ንቅናቄ ሁሉ ወደ ወገብህ ይልከዋል። ፈረንሣዮቹ ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ሲትሮይን በ1955 ባወጣው ዲኤስ መኪና ላይ ዘይቱን ከናይትሮጂን ጋዝ ጋር አጣመሩት። ዘይቱ ከፍታውን ይቆጣጠራል፣ ጋዙ እንደ ሞላ ይለጠጣል፣ ይታመቃል። ሎውራይደሮችም ምቾት ሲፈልጉ የሚገጥሙት በናይትሮጂን የተሞላ ማጠራቀሚያ ከዚያው ሐሳብ የመጣ ነው። የዕቃ መጫኛው ግን በፓምፕና በተደራረበ ባትሪ ይሞላል። የአየር ከረጢት ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቤት መኪናዎቹ ላይ ሞክሮት በአየር ማፍሰስ ምክንያት ብዙ ሰው አውጥቶ በተራ ሞላ ተክቶታል። ዛሬ ጎማውም ኮምፕረሰሩም ስለተሻሻለ ከፍታ መለዋወጥ ለሚፈልግ ሰው ዋነኛ አማራጭ ሆኗል።

የሕጉ ነገር እንዴት አለቀ ብትሉኝ፣ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ2023 ያንን የከፍታ ክልከላ አነሣው። ከተሞች በመኪና ቀስ ብሎ መዘዋወርን እንዳይከለክሉም ደነገገ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ስልሳ አምስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። በመኪናቸው የተነሣ ሲቀጡ የነበሩት ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። ያኔ ለምን እንደሳቅሁብህ ልንገርህ። እኔም ወጣት ሳለሁ ሞላ ቆርጫለሁ። የጓደኛዬን ፊያት የፊት ሞላ በብረት መጋዝ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በገዛ እጄ። ለሁለት ሳምንት ሰፈሩን ጉድ አሰኘን። ጎማው ሲታጠፍ የፍሬኑን ቱቦ እየላገ እንደነበር ግን አላየንም። አንድ ቀን ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ጓደኛዬ በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ከአንድ የድንጋይ አጥር ጋር አላትሞ አቆማት። ከአንድ የተሰበረ ክንድ በቀር ተረፍን። ይህንን ለማንም ተማሪ ነግሬ አላውቅም። አንተ ስትጠይቀኝ የታየኝ ያ ቁልቁለት ነበር፤ ከመናገር ይልቅ ማላገጥ ቀለለኝ። ዱርዬ ያልኩት አንተን አልነበረም መሰለኝ። ያም ሆነ ይህ የተጎዳኸው አንተ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ምክሬ ይኸውልህ። መጀመሪያ ራስህን "ለመልክ ነው ወይስ ለአያያዝ?" ብለህ ጠይቅ። ለአያያዝ ከሆነ ብዙ ዝቅ ማድረግ ይጎዳሃል። እንደ ኮሮላ ባለ መኪና የፊቱ የታችኛው ክንድ ሽቅብ ሲያዘነብል መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ከአካሉ ይበልጥ ይወርዳል፤ ዝቅ ያለችው መኪና ኩርባ ላይ ከበፊቱ የባሰ ልታጋድል ትችላለች። የመሪው ዘንግም ማዕዘኑ ተዛብቶ በየጉድጓዱ መሪውን ይጎትተዋል።

ስለዚህ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ተወሰን። ለመኪናህ ሞዴል የተሠራ አጭር ሞላ ከሚመጥነው አሞርዛተር ጋር አንድ ላይ ግዛ። አሁን የምትችለው አሞርዛተሩን ብቻ ከሆነ እሱን ግዛና ሞላውን ጠብቅ፤ አሮጌ አሞርዛተር ላይ አዲስ ሞላ አትጫን። ከፍታው በጥርስ የሚስተካከለውን ዓይነት ከመረጥክ፣ መኪናዋን ስታወርድ የአሞርዛተሩን መንገድ የማያሳጥረውን ጠይቀህ ያዝ። አየሩን ለጊዜው ተወው፤ በእኛ አቧራ ጥሩ ጥገና ካላገኘ ያስለቅስሃል። ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረህ፣ ጎማው ተንጠልጥሎም ተጭኖም፣ የፍሬን ቱቦዎቹን በዓይንህ እይ። አላይመንት አሠራ። ጎማው ቢተነፍስ መሬት የሚነካው ምን እንደሆነ ተንበርክከህ ለካ። የቦሎ ምርመራ ከመድረሱ በፊት አንተው መርምረው።

የወጣውን ሞላና አሞርዛተር ደግሞ አትሽጠው። ጠቅልለህ አልጋ ሥር አስቀምጠው። ነገ ትዳር ይመጣል፣ ልጅ ይመጣል፣ እናትህን ይዘህ ኮረኮንች መንገድ ትወጣለህ። የአሸዋውን ከረጢት ሰኞ ጠዋት እንዳወረዱት ልጆች፣ በግማሽ ቀን ወደ ነበረችበት መመለስ መቻል አለብህ። የተቆረጠ ሞላ ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

ሲያልቅ ፎቶ ላክልኝ። ሌሎቻችሁም የድሮ ተማሪዎቼ፣ ስቄባችሁ ያለፍኩት ጥያቄ ካለ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ። በአቅሜ እመልሳለሁ።

መልካም ሰንበት።