የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፦ በየካ አባዶና በአዲስ አበባ

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ አጠራሩ «ላይብረሪ»፣ ለሕፃናት የሚሆኑ የተረት፣ የማጣቀሻና የአጋዥ መጻሕፍት በአንድ ክፍል ተሰብስበው ለንባብና ለውሰት የሚቀርቡበት የትምህርት ቤት አካል ነው። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በእንጦጦ ተራሮች አቅራቢያ በሚገኘውና በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በሚታወቀው የካ አባዶ፣ ይህን ክፍል ተፈላጊ የሚያደርገው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከወላጆቹና ከታናናሾቹ ጋር የሚያድግ ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ስለሚቸግረው፣ ወደ ላይብረሪ የሚገባው አንዳንዴ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም መቀመጫ ፍለጋ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱን የዕለት ሥራ ከመጻሕፍቱ ብዛት ይልቅ የሚወስነው የመንግሥት ንብረት አያያዝ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጥቁር ሰሌዳ ንብረት ስለሆነ፣ ሲገባ «ሞዴል 19» በሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይመዘገባል፤ ከንብረት ክፍል ሲወጣም ላይብረሪያኗ «ሞዴል 22» በሚባለው የወጪ ሰነድ ፈርማ ትረከበዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ለሚጎድለው መጽሐፍ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ፈርሞ የተረከበ ሰው መጽሐፉን ለሰባት ዓመት ልጅ አምኖ ወደ ቤት መላክ ቢከብደው አይፈረድበትም፤ በመሆኑም በብዙ ትምህርት ቤቶች ታናናሾቹ ተማሪዎች እዚያው ተቀምጠው ከማንበብ በቀር ይዘው መውጣት አይፈቀድላቸውም። ችግሩ ግን ቆጠራው የሚጠይቀው መጽሐፉ መኖሩን እንጂ መነበቡን አለመሆኑ ነው፤ በልጆች እጅ ተገላብጦ ያለቀ ተረት በመዝገብ ላይ ጉድለት ሆኖ ሲታይ፣ ማንም ያልከፈተው መጽሐፍ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል።

አንድ መጽሐፍ ለአንባቢ ከመቅረቡ በፊት በርከት ያለ የእጅ ሥራ ያልፋል። በርዕስ ገጹና ላይብረሪያኗ በምትመርጠው አንድ የውስጥ ገጽ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይመታበታል፤ የመዝገብ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ጠርዙ ላይ ምድቡን የሚያመለክት ወረቀት ይለጠፍበታል። ምድቡ በአብዛኛው የሚወሰደው አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ካሳተመው አሠራር ነው፤ ይህም ዕውቀትን ሁሉ በዐሥር ክፍል ከፍሎ ቁጥር የሚሰጥ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ963 ሥር ይመደባል። በትንንሽ ቤተ መጻሕፍት ግን ይህ ሁሉ ሳያስፈልግ በክፍል ደረጃና በትምህርት ዓይነት መደርደር ይበቃል፤ ለልጅ የሚቀለውም ይኸው ነው። የአማርኛ መጻሕፍት በፊደል ተራ ሲደረደሩ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው፣ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ሲመደብ ከውጭ በልገሳ የመጣ መጽሐፍ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ መመደቡ ነው፤ ሁለተኛው፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ወይም «ጸ» እና «ፀ» እንደ ጸሐፊው ልማድ ስለሚቀያየሩ አንዱ ርዕስ በሁለት ቦታ ሊፈለግ መቻሉ ነው።

የትምህርት ቀን ከሰልፍና ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ሲጀምር፣ የላይብረሪ ክፍለ ጊዜ የደረሰው ክፍል ከመምህሩ ጋር ይገባል፤ ትልቁ ግርግር ግን በዕረፍት ሰዓት ነው። የ1ኛ ክፍል ልጅ ሥዕላዊ መጽሐፍ መርጦ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ማንበብ ለጀመረ ልጅ ድምፅ ማውጣት የንባቡ አካል ስለሆነ «ዝምታ» የሚለው ማስታወቂያ በዚህ ዕድሜ ብዙም አይሠራም። የንባብ ክበብ አባላት የሆኑ ከፍ ያሉ ተማሪዎች መጻሕፍቱን ወደ ቦታቸው ይመልሳሉ፣ ከመካከላቸውም በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ተረት የሚያነቡ አሉ። ከሰዓት በኋላ የተገነጠሉ ገጾች በስኮችና በኮላ ይያያዛሉ፤ ጥራዙ የላላው በወፍራም መርፌና ክር ይሰፋል። ስኮች ፈጣን ቢሆንም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ስለሚያበላሽ፣ ትዕግሥት ያላት ላይብረሪያን ስስ ወረቀትና ኮላ ትመርጣለች።

የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ነገር ሲነሣ በዚሁ የከተማው አቅጣጫ የሚጠቀሰው የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ነው። መሥራቹ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው ለሥራው አነሣሥቷቸው፣ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ ለልጆች በር ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በ2002 ዓ.ም. በሀገሪቱ ልዩ ልዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ክህሎት ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉ ሆነው መገኘታቸው፣ እንዲህ ያለው ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበር ያሳያል።

የቤተ መጻሕፍቱ ዓመት የራሱ ወቅት አለው። መስከረም የመማሪያ መጻሕፍት የሚታደሉበት፣ ሰኔ ደግሞ የሚሰበሰቡበት ወር ነው፤ መጽሐፉን ያልመለሰ ተማሪ ውጤቱ የተጻፈበት ካርድ ሊያዝበት ስለሚችል ወላጆች ወደ ላይብረሪ የሚመጡት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ክፍሉ ተዘግቶ ስለሚከርም፣ ብርዱና ዝናቡ በሚበረታበት በየካ አባዶ ከግድግዳ ጋር የተጠጉ መጻሕፍት በእርጥበት ይሻግታሉ፤ መደርደሪያውን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅ ያለ ወጪ የሚገኝ መከላከያ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ስምንት ዓመት የነበረውን የመጀመሪያ ደረጃ ወደ ስድስት ዓመት ሲያወርድና መማሪያ መጻሕፍቱን ሲለውጥ፣ የቀድሞዎቹ በአንድ ጊዜ ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ። ከመዝገብ የሚሰረዙት ግን የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ቆጥሮና ቃለ ጉባኤ ይዞ ሲወስን ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ በካርቶን ታሽገው ወይም በመደርደሪያው ታችኛ እርከን ተደርድረው ይቆያሉ፤ በዓመታዊው ቆጠራም ከሌሎቹ ጋር አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።