ዐጸድ፣ ማዕድና ተአምር፦ ደን፣ ምግብና ትረካ በጣና ዳርቻ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የደብረ ታቦርን መንገድ በበጋ የሚይዝ መንገደኛ አንድ ነገር ሳይነገረው ያስተውላል። እህሉ ተሰብስቦ፣ ቃርሚያው በከብት ተግጦ፣ ምድሩ ሁሉ ገላጣ በሆነበት ወቅት በየኮረብታውና በየሜዳው ክብ ሠርቶ የቆመ አረንጓዴ ደን ይታያል። ጉልላቱ ገና ሳይታይ መንገደኛው አማትቦ ይሳለማል፤ ደኑ ባለበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃልና።

ይህ ደን በቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ስም አለው፤ ዐጸድ ይባላል። በግእዝ ዐጸድ ማለት የታጠረ፣ አትክልት ያለበት ቦታ ነው። የወይን ቦታ ዐጸደ ወይን ይባላል፤ የነፍሳት ማረፊያም ዐጸደ ነፍስ ይባላል። አንዱ ቃል የአትክልቱን ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥርና ከሞት በኋላ ያለውን ዕረፍት አንድ አድርጎ ይዟል። አባቶቻችን በመቅደሱ ዙሪያ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውንና ዋንዛውን ሲጠብቁ ገነትን እያሰቡ ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ለአዳም የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራም ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነው። በገጠር ያሉ ካህናት ዛፍ የሌለውን ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደ ሌለው ሰው አድርገው የሚናገሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የዛፎቹ ቁጥር ነው። እርሱም ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን በጣና ዳርቻ ደኑን ለብቻው ነጥሎ መረዳት አይቻልም። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በሚነገርለት ታሪክ ተጠብቆ ነው፤ ታሪኩም ሲነገር የኖረው ሰው ለማዕድ በሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ሦስቱ እንደ ገመድ የተገመዱ ናቸው፤ አንዱ ሲላላ ሌሎቹም ይላላሉ።

ሞፈር የማይገባበት ምድር

በጣና ሐይቅ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ በ20 ያህሉም ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ይገኛሉ። ዘጌ ግን ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ ምድር ነው። ውራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያምና ሌሎችም ገዳማት በአንድ ደን ውስጥ ተሰባስበውበታል።

የዘጌ አባቶች ስለ ደኑ ሲጠየቁ የሚጀምሩት ከአቡነ በትረ ማርያም ነው። ጻድቁ በትራቸውን በሦስት ከፍለው ተከሏት፤ አንዷ ቡና፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷም ሎሚ ሆና በቀለች ይላሉ። ከእግዚአብሔር የተሰጣቸው ቃል ኪዳንም የዘጌ ሰው ምድሩን ሳያርስ፣ በእነዚህ ሦስቱ እንዲኖር የሚል ነው። ስለዚህ በትውፊቱ መሠረት በዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። ሰዉ ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሽጦ ጤፉን ከሌላ ቦታ ይሸምታል።

ይህን ታሪክ ከግብርና አንጻር ስናየው ትርጉሙ ይጎላል። የሀገራችን የቡና ዛፍ በተፈጥሮው ጥላ ይወዳል። ቡናው እንዲኖር ከላይ ያሉት ታላላቅ ዛፎች መኖር አለባቸው፤ እነርሱ እንዲኖሩ ችግኛቸውን የሚበላ ከብትና ሥራቸውን የሚነቅል ሞፈር መራቅ አለበት። በትሩ የተከፈለበት ታሪክ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ ያለ ዘበኛ ለትውልድ አስተላልፎታል። በአንጻሩ ከዘጌ ብዙም ባልራቀው በደቅ ደሴት ሰው ያርሳል፤ መልክዓ ምድሩም የእርሻ ነው። ሐይቁ አንድ፣ ሃይማኖቱም አንድ ሆኖ ሳለ መልክዓ ምድሩን የለየው የተነገረው ቃል ኪዳን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስለ ቡናው አንድ ነገር እንጨምር። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ቡና መጠጣት የሌላ እምነት ልማድ ተደርጎ ይነወር እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ዘጌ ግን የቡናን ዛፍ ከጻድቅ በትር የበቀለ አድርጋ ተረከች። አንድ ተክል በአንዱ ቤት ነውር፣ በሌላው ቤት በረከት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው አናውቅም።

የሚበላው ነገር ሰውን ሲለይ

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ግን ክርስቲያኑ ገበሬና መነኩሴው ብቻ አይደለም። ነገደ ወይጦ ከሐይቁ ጋር እጅግ የተሳሰረ ሕዝብ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ የጥንት ሙያቸው ነው፤ ወደ ደሴቶቹ እንጨትና እህል፣ ሰውና ስንቅ ሲመላለስ የኖረውም በታንኳ ነው። ወይጦዎች ቀድሞ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ ጎረቤታቸው ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ ለመቅረብ ይጸየፍ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሆነው፣ የጉማሬ አደኑም ቀርቶ፣ ንቀቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ በመጋረጃ የወረዱትን እንስሳት ያየበት ራእይ ስለ ምግብ የተነገረ ይመስላል፤ ሐዋርያው ራሱ የተረዳው ግን ስለ ሰው መሆኑን ነው፤ ወዲያውም ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ገባ። ቤተ ክርስቲያን የጾምና የመብል ሥርዓት ያላት ሰውን ለመናቅ አይደለም። ደግሞም የደንገሉ መመናመን፣ የከተማው መስፋፋትና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የወረረው እንቦጭ የወይጦውን ኑሮ የገዳማቱንም ሐይቅ በአንድነት የሚጎዱ ናቸው።

ዓሣውም የራሱ ታሪክ አለው። ጣና ከሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ በባሕር ዳር የቆሮሶውና የአምባዛው ገበያ ይደምቃል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የምእመናን ክርክር በሐይቁ ዳር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል፤ ጥያቄ ያለው ምእመን ከንስሓ አባቱ ጋር ቢመክር ይሻላል እንላለን።

እፍኝ ውኃ

በዘጌ ገዳማት የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ማንበብ የማይችለው ምእመን ገድሉንና ተአምሩን ከዚያ ያነባል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በ60 አንበሶችና በ60 ነብሮች መካከል ቆመው፣ የተጠማችው ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ይታያሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን በውራ ኪዳነ ምሕረት ዓይን የሚይዘው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

የተአምረ ማርያም አድማጭ ሁሉ ያውቀዋል። 78 ሰዎችን የበላው ይህ ሰው አንድ በቍስል የተመታ የተጠማ ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም፣ በቅዱሳን ስም ቢለምነው አልራራም፤ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ቢለምነው እፍኝ ውኃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ ያ እፍኝ ውኃ በሚዛን ላይ ተቀምጦ በእመቤታችን ምልጃ ዳነ። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ታሪክ በየዓመቱ ይታሰባል።

ታሪኩ የመብል ታሪክ መሆኑን ልብ ይሏል። የጥፋቱ መጨረሻ በመብል ተገለጠ፤ የምሕረቱም መጀመሪያ በመጠጥ። ይህ ትረካ በግድግዳ ላይ ተሥሎ ብቻ አልቀረም። የአብነት ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ ቆሞ ቁራሽ የሚለምነው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው፤ ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። ያ የተጠማ ድኻ ያለውን ቃል ተማሪው በየቀኑ ይለዋል፤ በሩን ከፍታ እንጀራ የምትሰጠው እናትም ታሪኩን ስለምታውቅ ባዶ እጁን ልትሰደው ይከብዳታል። በጎጃምና በጎንደር ያሉት የቅኔና የድጓ ጉባኤ ቤቶች የኖሩት በዚህ ቁራሽ ነው። ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው በዐጸዱ አጠገብ ነው፤ ቅኔ የሚቆጥረው በዛፉ ጥላ ሥር ነው፤ ብዕሩን የሚቀርጸው ከሸምበቆ ነው።

ጸበል ጸሪቁም እንዲሁ ነው። በወርኃዊው በዓል ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውና ጠላው ወደ ዐጸዱ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ምእመናን በታላቁ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ጠላው በጌሾ የተጠነሰሰ ነው፤ እንስራው በወይራ ጭስ የታጠነ ነው። በዚያ ክብ ውስጥ የቦታው ታሪክ ይነገራል፤ ታቦቱ እንዴት እንደ መጣ፣ የትኛውን ዛፍ ማን እንደ ተከለው፣ ዛፍ የቆረጠ ሰው ምን እንደ ደረሰበት። ልጆች ደኑን መፍራትና መውደድ የሚማሩት ከዳቦው ጋር ነው።

ሌሎች እንዴት ያደርጋሉ?

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በግሪክ የሚገኘው የአቶስ ተራራ የኦርቶዶክስ መነኮሳት ምድር ነው፤ መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም፤ እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ ተራራውም ደኑ አልተለየውም። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚጂኬንዳ ሕዝቦች ካያ የሚሏቸውን የቀድሞ መንደሮቻቸውን ደን የአያቶቻቸው ማረፊያ አድርገው ስለሚጠብቁ ከእርሱ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፤ እነዚህ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሀገራችን በደቡብ የጌዴኦ ሕዝብ እንሰቱን፣ ቡናውንና ታላላቁን ዛፍ በአንድ ማሳ አኑሮ ይኖራል፤ መልክዓ ምድሩም በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዚያው መዝገብ ገብቷል። ጌዴኦው ደኑን ምግቡ አድርጎታል፤ ሚጂኬንዳው የአያቶቹ መታሰቢያ፤ ጣና ደግሞ የመቅደሱ ልብስ። የጣና ሐይቅ ራሱ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል።

ዛሬ ያለው ጉዳት

የደን ተመራማሪውና የእመጓ ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ጥናት 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግበዋል። ይህ ደስ ያሰኛል። የሚያሳስበው ከዚያው ጥናት ጋር ተያይዞ የተገኘው ነገር ነው፤ አብዛኞቹ የጥንቱ ደን ታላላቅ ዛፎች ዘራቸው በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ተደብቆ አይቆይም። አፈሩ ሲመረመር የተገኘው በብዛት የሣርና የዕፀ ነገር ዘር ነው። ስለዚህ እናት ዛፉ ከተቆረጠ አፈሩ መልሶ አያበቅለውም። ከብት ደግሞ የበቀለውን ችግኝ እየበላ፣ እየረገጠ ደኑን ያለ ልጅ ያስቀረዋል። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ የሆነ ዐጸድ ውስጡ ሲገባ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ የቀሩበት ሊሆን ይችላል።

ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው በአንዳንድ አጥቢያዎች የድንጋይ አጥር አሠርተዋል። ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው እየለቀመ ሲያመጣ እርሻውም ይጸዳል፤ አጥሩም ይቆማል።

ከብቱን ብቻ ግን ከስሰን ማለፍ አይገባንም። ብዙ ዐጸድ የተራቆተው በራሳችን እጅ ነው። በሲሚንቶ የሚሠራው መቃብር የጽዱን ሥር እየቈረጠ ይሰፋል። ለገቢ ተብሎ ሱቅና አዳራሽ ሲገነባ የሚወድቀው ዛፍ ነው። ለጸበል ጸሪቁ የሚነደው ማገዶ ከዚያው ከዐጸዱ ሲለቀም፣ ማዕዱ የተሰበሰበበትን ጥላ ማዕዱ ራሱ ይበላዋል። ቶሎ ስለሚደርስ ባሕር ዛፍ በሀገር በቀሉ ቦታ ሲተከልም እናያለን፤ አረንጓዴ ነው፣ ግን በሥሩ ጌሾም፣ አገምም፣ ቡናም አይኖርም። በዘጌም ድኻው ሰው ቡናው ሳይበቃው ሲቀር እንጨት ለባሕር ዳር ገበያ ይሸጣል። ይህን ሰው በግዝት ብቻ መመለስ አይቻልም፤ የቃል ኪዳኑ ታሪክም ሰዉ በቡናው መኖር እንዲችል የተነገረ ነውና ለቡናው የተሻለ ገበያ መፈለግ የገዳማቱም ጉዳይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ለመሥራት ለሚሹ የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ሁለት ነገር እናስታውሳለን። የወይራና የጽድ ዘር ከዐጸዱ አሮጌ ዛፎች ራሱ ቢለቀም ለቦታው የተስማማ ይሆናል፤ ባሕር ዛፍ የግድ ከተፈለገ ከአጥሩ ውጪ፣ ከሀገር በቀሉ ርቆ ይተከል። የፍልሰታ ሱባኤ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ብዙ ምእመን ወደ ዐጸዱ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ ችግኝም ከመሬት ብቅ የሚልበት የክረምት ወቅት ይኸው ነው። ሱባዔተኛው ድንኳኑን የሚተክልበትና እንጨት የሚለቅምበት ቦታ አስቀድሞ ቢከለል ያ ዓመት የሰጠው ችግኝ ለመስከረም ይደርሳል።