ወገን እና የቅርብ ዘመድ፦ የካርላይል ልጆች አፅም በአሌክሳንድሪያ ችሎት

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲያርፍ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «አስከሬኑ አገር ቤት ይሄዳል ወይስ እዚሁ ያርፋል?» የሚል ነው። ሟቹ እዚህ ሚስትም ልጅም ባይኖረው ዕድሩ አለ፤ አዋጥቶ ይሸኘዋል። በእኛ ልማድ የሙት ወግ ለማድረስ ወገን መሆን ይበቃል።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በሚያስችለው ፌዴራል ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2024 የተከፈተው ክስ በዚሁ ነጥብ ላይ ያረፈ ነበር (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ከሳሹ የኔብራስካው ዊኔቤጎ ነገድ፣ ተከሳሹ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ነው። የተጠየቀው የሁለት ልጆች፣ የሳሙኤል ጊልበርትና የኤድዋርድ ሄንስሊ አፅም ነው። ሁለቱም በ1895 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወደሚገኘው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ሳሙኤል በገባ በ47ኛው ቀን ሞተ፤ ኤድዋርድ በ1899 ተከተለው።

ካርላይልን በ1879 በጦር ሰፈር ውስጥ የከፈተው መኮንኑ ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት ነው። የነባር ሕዝቦች ልጆች እዚያ ሲደርሱ ጠጉራቸው ይቆረጣል፣ ስማቸው ይለወጣል፣ በቋንቋቸው መናገር ይከለከላሉ። ትምህርት ቤቱ በ1918 ተዘጋ። በ1927 ሠራዊቱ መቃብሩን አንሥቶ አሁን ወዳለበት ስፍራ አዛወረው። የዝውውሩ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደነበር የታወቀው ከ90 ዓመት በኋላ ነው፦ በ2017 የአራፓሆው ልጅ የሊትል ፕሉም መቃብር ሲቆፈር የተገኘው የሌሎች ሁለት ሰዎች አፅም ሆነ። የናፈቁት ልጅ በተከታዩ ዓመት ከሌላ ጉድጓድ ወጣ።

ነገዱ የተመረኮዘው በ1990 የወጣውን የነባር አሜሪካውያን መቃብር ጥበቃና የአፅም መመለሻ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ነገዱ ራሱ መጠየቅ ይችላል። ሠራዊቱ ግን የካርላይል መቃብር ሕጉ የሚመለከተው «ስብስብ» አይደለም ብሎ በራሱ ደንብ ይሠራል፤ ደንቡ ደግሞ የሟቹ የቅርብ ዘመድ ቀርቦ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ከ2017 ወዲህ በዚህ መንገድ በርካታ ልጆች ለአገራቸው አፈር በቅተዋል፤ ወጪውንም ሠራዊቱ ይሸፍናል። ይህ ሊካድ አይገባም።

ሆኖም የደንቡ ስሕተት ከሥሩ ነው። በልጅነቱ የሞተ ዘር አይተካም። ስሙ በተለወጠና ከቤቱ በተነጠለ ልጅ ላይ የዘመድ ሐረግ በሰነድ ለመቁጠር መሞከር ትምህርት ቤቱ ሆን ብሎ የበጠሰውን ክር ከተበጠሰበት ሰው እጅ መጠየቅ ነው። የቀረለት ወገኑ ነው፤ ደንቡ ወገንን አያውቅም።

የ2024 ሁለተኛ አጋማሽ ነገሩን አጉልቶ ያሳያል። በወቅቱ ሚኒስትር የነበረችው ዴብ ሃላንድ በ2021 ያስጀመረችው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ምርመራ ሁለተኛ ቅጹን በጁላይ 2024 አወጣ። መንግሥት ያቋቋማቸው ወይም የደገፋቸው 417 ትምህርት ቤቶች፣ 74 የመቃብር ስፍራዎች፣ ቢያንስ 973 የሞቱ ልጆች ተመዘገቡ። ከምክረ ሐሳቦቹ አንዱ የልጆቹን አፅም ፈልጎ መመለስ ነበር። በኦገስት የአሌክሳንድሪያው ዳኛ የሠራዊቱን ክርክር ተቀብለው የዊኔቤጎን ክስ ዘጉት፤ ነገዱም ይግባኝ አለ። በኦክቶበር 25 ፕሬዚዳንት ባይደን አሪዞና ሄደው በጊላ ሪቨር ነገድ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ በዲሴምበር ካርላይልን ብሔራዊ መታሰቢያ አደረጉ። ይቅርታው ከልብ እንደነበር አምናለሁ። ነገር ግን በፕሬዚዳንቱ አንደበት ይቅርታ የጠየቀውና በችሎት አፅሙን አልሰጥም ብሎ የረታው አንድ መንግሥት ነው።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ካርላይል በተከፈተበት በ1879፣ በዚያው በኖቬምበር ወር፣ ከመቅደላ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። አፅሙ ዛሬም ዊንዘር ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ስትጠይቅ ልዑሉ የተወው ልጅ አልነበረም፤ የጠየቀችው በወገንነት ነው፣ ያንንም መብት ከመካከላችን የተጠራጠረ አልሰማሁም። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 የሌሎችን ዕረፍት ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ እንቢታውን አጽንቷል። ለዓለማየሁ የምንለውን ለሳሙኤልና ለኤድዋርድ ማለት ይገባናል። ኮንግሬሱ የ1990ውን ሕግ አሻሽሎ በጦር ሰፈር ያለ የተማሪ መቃብርም በነገዱ ጥያቄ እንዲከፈት ቢደነግግ፣ ዊኔቤጎዎች ልጆቻቸውን ለመውሰድ ፍርድ ቤት መቆም ባላስፈለጋቸው ነበር።