ጣሊያን ኮፈኑ ሥር ምን ረሳ?

መቼም አሮጌ መኪና ያለው ጓደኛ ያለው ሰው መኪና መግፋት ያውቃል። እኛም እናውቃለን። በቀደም የጓደኛችንን ላዳ ይዘን እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ስንደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ቀጥ አለች። (ጥፋቱ የጓደኛችን ነው፤ ከገዛት ጀምሮ ኮፈኗን ከፍቶ አያውቅም።)

ከመንገድ ዳር ጋራዥ የመጡት ጋሼ ብዙ አልጠየቁንም። አንዱን ካንዴላ ፈትተው ከነገመዱ የሞተሩ ብረት ላይ አስጠጉና «በል አስነሳ!» አሉ። ሞተሪኖው ሞተሩን አሽከረከረው፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ ግን ብልጭታ የለም።

«ባትሪው ደህና ነው። ፑንቲናው ነው» አሉ።

ፑንቲና የምስማር ራስ የሚያካክሉ ሁለት ብረቶች ናቸው። ሞተሩ ሲዞር ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ሲገናኙ የባትሪው 12 ቮልት በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ድንገት ሲለያዩ ቦቢናው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ፈጥሮ ወደ ካንዴላው ይልካል። የእኛዎቹ ጠቁረው ነበር። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጓቸው ጀመር።

እኛ ደግሞ ቆመን ቃላቱን ቆጠርን። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ሞተሪኖ፣ ኮፈን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ... ሁሉም ጣሊያንኛ! አገራችን የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት። የጋራዡ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ አልሆነም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ከካሚዮኑ ጋር መንገድ ሠሪውንና መካኒኩንም ይዞ መጣ። ጦሩ ሲሸነፍ ብዙ ጣሊያናዊ ባለሙያዎች እዚሁ ቀሩ፤ የእኛ ልጆችም እጃቸውን እያዩ ሥራውን ተማሩ። ወራሪን አባርሮ መፍቻውን ማስቀረት ለእኛ ብልጠት ነው።

የሚገርመው የላዳዋ ነገር ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣችው ላዳ እናቷ ጣሊያናዊት ናት፤ ፊያት 124። ፊያት ከሶቪየቶች ጋር የተፈራረመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ፋብሪካው የተተከለባት ከተማ ቶሊያቲ እንኳ የተሰየመችው በጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪ ስም ነው። ፊያት ከዚሁ ቤተሰብ ጣሪያዋ የሚከፈት የስፖርት መኪናም አውጥቷል፤ 124 ስፓይደር። (ጓደኛችን ይህን ከሰማ ወዲህ ላዳውን «የስፖርት መኪና ዘመድ» ይላታል።) እናም መካኒኮቻችን ከሞስኮ ወገን የመጣችውን መኪና ሲከፍቱ ያገኙት ከአባቶቻቸው በጣሊያንኛ የለመዱትን ዓይነት ሞተር ነበር።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ከአዲስ አበባ የወጣ መኪና ሲታመም መጀመሪያ የሚቆመው እነሱ ዘንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ካርቡራተርን በጆሮ የሚያስተካክል ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ፊት ሲቆም ምን ያዳምጣል?

ፋኖስ ይዞ የቆመው ተለማማጅ ይህንኑ ሳያስብ አልቀረም።

«ጋሼ፣ የኤሌክትሪኩ መኪና ፑንቲና የለውም አይደል?»

«የለውም።»

«ካንዴላስ?»

«እሱም የለውም። ፋኖሱን ጠጋ አድርግልኝ።»

በፑንቲናው መካከል 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ለክተው ብሎኑን አጠበቁ። ላዳዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ልጁ ያረጀውን ብርጭቆ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።