ወባዋ የምትገባበት በር

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከወባ ተወለደ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ዛሬ ማራኪ ካምፓስ ሕግና ቋንቋ የምትማሩ ሁሉ፣ ታላቅ ወንድማችሁ የጤና መኮንን ነው ማለት ነው!

የዚያ ዘመን ትልቁ መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። ጣት ይወጋል፣ ደሙ ብርጭቆ ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ በዘይት ሌንስ ሺህ ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠችው ወባ ወለል ብላ ትታያለች። እንዴት እንደገባች ግን አይታይም። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 እንዳሳየው፣ ተራ ብርሃን ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ለይቶ አያሳይም። በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከሉት ፕሮቲኖች ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ናቸው።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ ዳፊ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአንድ ታካሚ ነው። በ1976 እነ ሉዊስ ሚለር ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ የተባለው ወባ እንደማይዛቸው አሳዩ። በሩ ተገኘ ተባለ። አብዛኛው አፍሪካዊ ዳፊ ስለሌለው፣ ቫይቫክስ የእኛ ችግር አይደለም የሚል ነገር መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ኢትዮጵያ ግን መጽሐፉን አልሰማችም፤ ቫይቫክስ እዚህ ሞልቷል። አንዱ ምክንያት ብዙዎቻችን ዳፊ ስላለን ነው። ጉዱ ግን፣ ካለፈው አሥር ዓመት ወዲህ ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ቫይቫክስ መገኘቱ ነው።

ብርሃኑም በበኩሉ የአቤን አጥር ዘሏል። ፕሮቲኖቹን በሚያበራ ቀለም ምልክት አድርገው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እያበሩ ቦታቸውን የሚለዩበትን ዘዴ የፈጠሩት እነ ኤሪክ ቤትዚግ በ2014 ኖቤል ተሸልመዋል። በሌላ ዘዴ ደግሞ ሁለት ቀለሞች ከ10 ናኖሜትር በታች ሲቀራረቡ አንዱ ጉልበቱን ለሌላው ያቀብላል፤ ይህ እንደ ሜትር ያገለግላል፣ ፕሮቲኑ ሲታጠፍና ሲዘረጋም ይታወቃል። እርግጥ የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ለማየት ተራ ብርሃን አሁንም አይበቃም።

ታዲያ ወባዋ ዳፊ በሌለው ሰው ውስጥ በየት ገባች? በ2023 የወጣ ጥናት ደሙን ትቶ መቅኔ ውስጥ ፈለገ። ዳፊ የላቸውም የተባሉት ሰዎች ቀይ ሕዋሶቻቸው ገና ጨቅላ ሳሉ፣ ለጥቂት ጊዜ ዳፊን ያወጣሉ።