ወደ ኋላ የተቆጠረው ቍጥር

ሮኬት ሊተኮስ ሲል ከዐሥር ወደ ዜሮ መቁጠር መሐንዲሶች ያወጡት ሥርዓት ይመስለናል። ይሁንና ልማዱን ያስተዋወቀው ፍሪትዝ ላንግ «ሴት በጨረቃ» ብሎ የሠራው፥ በ1929 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በበርሊን ለሕዝብ የቀረበው ፊልም ነው። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለ ነበረ የመነሻው ቅጽበት በጆሮ አይታወቅም፤ ከአንድ ጀምሮ ቢቆጠር ደግሞ ተመልካቹ ማብቂያው የት እንደ ሆነ አያውቅም። ስለዚህ ላንግ ቍጥሩን ገልብጦ በጽሑፍ አሳየ።

የፊልሙ ታሪክ፥ በጨረቃ ላይ አየር አለ ማለቱ ጭምር፥ ተረት ነው። ሮኬቱ ግን እንዲያ አልነበረም። አማካሪው የሮኬት ሊቁ ኸርማን ኦበርት ነበርና ነዳጁን የጨረሰው ክፍል ተነጥሎ ሲቀር፥ ተጓዦቹም የፍጥነቱን ጫና ለመቋቋም ተጋድመው ሲነሡ እናያለን።

በ1930 ኦበርትን ከረዱት ወጣቶች አንዱ ቬርነር ፎን ብራውን ነበር። በጥቅምት 1942 እርሱና ባልደረቦቹ ከፔነሙንደ በተሳካ ሁኔታ የተኮሱት ሮኬት በግርጌው የፊልሙ ምልክት ተስሎበት ነበር። በ1944 ይኸው መሣሪያ ለንደንን ደበደበ፤ በሚተልባው ዶራ ካምፕም በሺሕ የሚቆጠሩ እስረኞች በግዳጅ ሥራው አለቁ። የፊልሙን ተፅዕኖ ሲያወሱ ጨረቃን ብቻ መጥራት፥ በእኔ አስተያየት፥ ታሪኩን በግማሽ መተረክ ነው።

በሐምሌ 1969 ፎን ብራውን ንድፉን የመራው ሳተርን 5 አፖሎ 11ን ይዞ ሲነሣ ቍጥሩ ወደ ኋላ ተቆጠረ። ሽማግሌው ኦበርትም በሥፍራው ተገኝቶ ይመለከት ነበር።