የሚወዱት ድራማ በአዲስ ፊት ሲመለስ፦ የዮርክሻየሩ የእንስሳት ሐኪም ታሪክ

ለዓመታት የወደድነው ተከታታይ ድራማ በሌሎች ተዋንያን እንደገና ሊሠራ ነው የሚል ዜና ስንሰማ ደስታና ሥጋት በአንድነት ይመጡብናል። የናፈቅነውን ዓለም ዳግም ልናይ ነውና እንደሰታለን፤ በልባችን ያኖርነው መልክ እንዳይበላሽብን ደግሞ እንሠጋለን። በብሪታንያ ይህ ስሜት ጎልቶ ከታየባቸው ድራማዎች አንዱ የገጠር እንስሳት ሐኪምን ሕይወት የሚተርከው ሥራ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፍጡራን ሁሉ፣ ታላላቆቹም ታናናሾቹም» እንደ ማለት ነው። የገጠር ጉዳይ ዘጋቢ ስለ ቴሌቪዥን ድራማ መጻፉ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ የዚህ ድራማ መድረክ በረት፣ ጭንቀቱም ምጥ የጠናባት ላም መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ ባለቤት ጄምስ አልፍሬድ ዋይት የተባሉ እውነተኛ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በ1916 በሰንደርላንድ ተወልደው በግላስጎው ያደጉት ዋይት፣ ከግላስጎው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በ1939 ተመረቁ። በማግሥቱ ዓመት ሰሜን ዮርክሻየር ወደምትገኘው ተርስክ የተባለች የገበያ ከተማ ሄደው ዶናልድ ሲንክሌር በተባሉ ሐኪም ዘንድ ሥራ ጀመሩ። መጻፍ የጀመሩት ዕድሜያቸው ሃምሳ ከደረሰ በኋላ ሲሆን የመጀመሪያው መጽሐፋቸው በ1970 ታተመ። የሙያው ደንብ ሐኪም ራሱን እንዳያስተዋውቅ ይከለክል ስለነበር በስማቸው አልጻፉም። «ጄምስ ሄሪዮት» የሚለውን የብዕር ስም ያገኙት በቴሌቪዥን ሲጫወት ካዩት የበርሚንግሃም ሲቲ ግብ ጠባቂ ነው።

የመጽሐፉ መክፈቻ ለአርሶ አደር አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ወጣቱ ሐኪም በሌሊት፣ በብርድ፣ እስከ ወገቡ ተራቁቶ በበረቱ ድንጋያማ ወለል ላይ ተጋድሟል። ክንዱ ላሟ ማሕፀን ውስጥ ነው፤ ጥጃው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዙሮ አልወጣ ብሏል። ይህ ሁሉ ሲሆን የከብቱ ባለቤት አጎት አጠገቡ ቆሞ ሌላ ሐኪም ያወድሳል። ያኛው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባደረገ፣ እንዲያ ባላደረገ ይላል። ጥጃው በመጨረሻ በሕይወት ይወለዳል፤ አጎትየው ግን ከውዳሴው አይመለስም። በኮሌጅ የተግባር ትምህርት ላይ እጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላም ያስገባ ሰው፣ ማሕፀኑ ሲኮማተር ክንድ እንዴት እንደሚደነዝዝና ከኋላ ቆሞ የሚመክር ሰው እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል።

ይህ ትዕይንት ለርእሰ ጉዳያችን ቁልፍ ነው። ታሪኩ ገና ከመነሻው አዲስ መጪ ሰው ከተወደደ ቀዳሚ ጋር ሲነጻጸር ያሳያልና። ድራማው ራሱም ከዓመታት በኋላ የገጠመው ይኸው ዕጣ ነው።

መጽሐፎቹ በ1975 እና በ1976 ወደ ፊልም ተለውጠው ነበር። በሕዝብ ልብ የቀረው ግን ቢቢሲ ከጥር 1978 ጀምሮ ያሰራጨው ተከታታይ ድራማ ነው። ክሪስቶፈር ቲሞቲ ጄምስን፣ ሮበርት ሃርዲ ቁጡውንና ቸሩን አሠሪ ሲግፍሪድን፣ ፒተር ዴቪሰን ሰነፉን ታናሽ ወንድም ትሪስታንን ሆነው ተጫወቱ። ድራማው በ1980 ቆሞ፣ ሁለት ልዩ ዝግጅቶች ቀርበውለት፣ በ1988 ተመልሶ እስከ 1990 ዘልቋል። በጠቅላላው 90 ክፍሎች አሉት። በ1988 ሲመለስ የጄምስን ባለቤት ሔለንን የምትጫወተው ተዋናይት በሌላ ተተክታ ነበር። የዛሬዎቹ አንጋፋ አድናቂዎች እንግዲህ የፊት ለውጥን ቀድሞውንም አንድ ጊዜ ውጠውታል።

በ2011 ቢቢሲ የሄሪዮትን የተማሪነት ዘመን የሚተርክ ሦስት ክፍል ያለው ሥራ አቀረበ። ቀጣይ ምዕራፍ አላገኘም። ሮበርት ሃርዲ ደግሞ በ2017 አረፉ። ስለዚህ ቻናል ፋይቭ የተባለው ጣቢያ ታሪኩን እንደ አዲስ ሊያቀርብ መሆኑ ሲሰማ አድናቂው የሠጋው በከንቱ አልነበረም። ሲግፍሪድን ከሃርዲ በቀር ማን ይሆነዋል? ታሪኩስ ለዘመኑ ጣዕም ሲባል ይዘቱን ይለቅ ይሆን?

ሥጋቱን በብልሃት የያዙት አድናቂዎች ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። የሚወዱት ምን እንደሆነ ለይተው ራሳቸውን ጠየቁ። ተዋናዩን ነው? የገጠሩን መልክዐ ምድር ነው? ወይስ መጽሐፉን? የወደደው ሃርዲን የሆነ ሰው አዲሱ ሥራ ምንም ቢያምር አይካስም፤ አሮጌው ቅጂ ግን አልጠፋበትም፣ ባሰኘው ጊዜ መልሶ ማየት ይችላል። የወደደው መጽሐፉን የሆነ ሰው ደግሞ አዲሱን ከአሮጌው ድራማ ጋር ሳይሆን ከገጹ ጋር ያመሳክራል። ብዙ ክርክር የሚነሣው እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለተለያየ ነገር እየተናገሩ መሆናቸውን ሳያስተውሉ ሲቀሩ ይመስለኛል።

«ዋናው ታሪክ አይነካ» የሚለው አቤቱታም ጥንቃቄ ይሻል። ዋናው የሚባለው መጽሐፍ ራሱ እውነቱን አሻሽሎ የጻፈ ነውና። ትረካው የሚጀምረው በ1937 ነው፤ ዋይት በዚያ ዓመት ገና ተማሪ ነበሩ። ዳሮቢ የምትባል ከተማም በካርታ ላይ የለችም፤ ከተርስክና ከአካባቢው ከተሞች ተቀላቅላ የተፈጠረች ናት። ለሲግፍሪድ ምሳሌ የሆኑት ሲንክሌር በመጽሐፉ የተሣሉበትን መልክ አልወደዱትም ነበር። ለትሪስታን ምሳሌ የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው ግን ደስ ተሰኝተውበታል።

አዲሱ ድራማ መሰራጨት የጀመረው መስከረም 1 ቀን 2020 ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስድስት ክፍሎችና አንድ የገና ልዩ ዝግጅት ነበሩት። ኒኮላስ ራልፍ ጄምስን፣ ሳሙኤል ዌስት ሲግፍሪድን፣ ሬቸል ሸንተን ሔለንን ሆነው ቀረቡ። ለውጦቹ ጥቂት አይደሉም። ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስዝ ሆል በመጽሐፉ በዕድሜ የገፋችና ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ አሁን ግን የራሷ ኀዘንና የተራራቃት ልጅ ያላት፣ የቤቱ ምሰሶ የሆነች ሰው ሆናለች። ሲግፍሪድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ተደርጓል፤ ቁጣው ከሐዘን የሚመነጭ ነው። ሔለን ደግሞ ለባለጸጋ ጎረቤቷ ታጭታ የሰርጉ ቀን ከደረሰ በኋላ ትተወዋለች። እንደ እኔ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ ያተረፈው የሚስዝ ሆል ለውጥ ነው። የሔለን ሰርግ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የቴሌቪዥን ልማድ ያዘዘው ይመስላል።

አርሶ አደር የሆነ ተመልካች ዓይኑን የሚጥለው ሌላ ቦታ ነው። በ1970ዎቹ ክሪስቶፈር ቲሞቲ ክንዳቸውን በእውነተኛ ላም ውስጥ ያስገቡ ነበር። አዲሱ ሥራ ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲባል በእንዲህ ያሉ ትዕይንቶች ሰው ሠራሽ የላም አካል ይጠቀማል፤ የእንስሳት ሐኪም አማካሪም አለው። ልዩነቱን ከብት ያዋለደ ሰው ሳያስተውል አይቀርም፤ እውነተኛ ላም በምጥ መካከል ድንገት ልትተኛ ትችላለች፣ ሰው ሠራሿ ግን ባለችበት ትቆማለች። ይሁን እንጂ ለቀረጻ ሲባል ጤነኛ ላምን ደጋግሞ መንካት ዛሬ ተገቢ ነው ብሎ የሚከራከር ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። እኔም አልከራከርም። በሕክምናው በኩል የተጠበቀው ነገር ብዙ ነው፤ ዘመኑ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ገና ያልተስፋፉበት፣ የእርሻ ፈረስ ለትራክተር ቦታ የሚለቅበት ነው። ከወለደች በኋላ በካልሲየም ማነስ ተዝለፍልፋ የወደቀች ላም በደም ሥሯ መድኃኒቱ ሲገባላት ብዙም ሳይቆይ ተነሥታ ስትቆም ማየት ያኔም ዛሬም ተአምር ያህል ነው።

ተመልካቹ አዲሱን ድራማ ተቀበለው፤ በጣቢያውም በብዛት ከሚታዩት ሥራዎች አንዱ ሆነ። የተስፋና የሥጋቱ ጉዳይ ግን በአንድ ምዕራፍ አልተቋጨም። ትሪኪ ዉ የተባለውን ቅምጥል ውሻ የምታሳድገውን ባለጸጋ ሴት የተጫወቱት ዳያና ሪግ ስርጭቱ በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን አረፉ፤ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ፓትሪሺያ ሆጅ ተኳቸው። ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ ትሪስታን ወደ ጦርነት ሄዶ በአራተኛው አልታየም፤ በ2024 በቀረበው አምስተኛ ምዕራፍ ተመለሰ። በ2025 የቀረበው ስድስተኛ ምዕራፍ ደግሞ ዓመታትን ዘሎ በ1945፣ በአውሮፓ ጦርነቱ ባበቃበት ወቅት ይጀምራል። አሮጌውን የማያውቁ፣ ከአዲሱ ጋር ብቻ የተዋወቁ ተመልካቾችም በዚህ ጊዜ «ያን የመሰለ ጅምር እንዳይበላሽብን» ማለት ጀምረው ነበር።

ሁለቱንም ለማየት ለሚያስብ ሰው ከመጽሐፉ መጀመር ይሻላል፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። አዲሱን ድራማ ለመመዘን አንድ ክፍል አይበቃም፤ ሦስት ያህል ማየት ተገቢ ነው። ዋይት የሠሩበት የተርስክ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሲሆን፣ የቢቢሲው ድራማ የተቀረጸበት የመድረክ ዕቃም በዚያ ለጎብኚዎች ይታያል።